ዳገት ላይ የሚጠብቀኝ የለም

በ60ዎቹ ዕድሜዬ ውስጥ ነኝ። ብርዱ አልፎ ቀኑ ሲረዝም ብስክሌቴ ላይ ሻንጣ ጭኜ ብቻዬን መንገድ እወጣለሁ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለኝ «ከማን ጋር?» ነው። «ብቻዬን» ስል ፊቱ ያዝናል። እዚህ ጀርመን፣ ኑረምበርግ ከተማ፣ ከሐበሻ ጓደኞቼ ጋር ቡና ላይ ስንገናኝ «ምነው፣ ልጆችሽ አይወስዱሽም እንዴ?» ያለችኝ አለች። ባሕር ዳር ያለችው ታናሽ እህቴም በስልክ «እታለም፣ ጤናሽ ነው? ሰው አጣሽ?» ትለኛለች።

ልጆች አሉኝ፣ ጓደኞችም አሉኝ። ብቻዬን የምሄደው ወድጄ ነው። ለምን እንደምወድ ለማስረዳት ግን ስለ ዳገት ማውራት አለብኝ።

መጀመሪያ የምነዳው ከሰው ጋር ነበር። እሑድ እሑድ የሚወጣ የሰፈር ቡድን አለ፤ ደጎች ናቸው፣ እስከ ዛሬም እወዳቸዋለሁ። ዳገት ሲመጣ ጉልበት ያላቸው ቀድመው ይወጣሉ። ከላይ ቆመው ውሃ ይጠጣሉ፣ ያወራሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። እኔ ላቤን እየጠረግሁ ስደርስ «ይኸው ደረሰች፤ በሉ እንሂድ!» ይላሉ። እነሱ አሥር ደቂቃ አርፈዋል፤ እኔ ገና መድረሴ ነው። ከሁሉ ይልቅ ዕረፍት የሚያስፈልገው ሰው ሳያርፍ ይቀጥላል። ማንም ክፉ አላሰበም። አብሮ መሄድ ሲባል ነገሩ በራሱ እንዲህ ይሆናል።

ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቤታችን ማዕድ ሲቀርብ እናቴ እጅ አስታጥባ፣ ወጥ ጨምራ፣ እንግዳውን «ብሉልኝ እንጂ» ብላ ስትቀመጥ፣ ሌላው ጠግቦ እየተነሳ ነው። እኔም እንደሷው ኖሬያለሁ። ጀርመን አገር ከመጣሁ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። የኔ ሰዓት ሁልጊዜ የሌላ ሰው ሰዓት ነበር። የሕመምተኛው መድኃኒት፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የባለቤቴ ሕመም፣ በኋላም ሐዘኑ። አላማርርም፤ በፍቅር የሠራሁት ነው። አሁን ግን በራሴ ፍጥነት መሄድ እፈልጋለሁ። ብቻዬን ስሆን ዳገት ላይ የሚጠብቀኝ የለም፤ ስለዚህ የማስጠብቀውም የለም። ደከመኝ ብዬ ስቆም ይቅርታ የምጠይቀው ሰው የለም። ለኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው።

ባሕር ዳር ላደገ ሰው ብስክሌት ብርቅ አይደለም። ከተማው ሜዳ ነው። በልጅነቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈረቃ ሲለቅ መንገዱ በብስክሌት ይሞላ ነበር። እኔ የተማርኩት በኪራይ ብስክሌት ነው፤ በሳንቲም ለጥቂት ደቂቃ። ለአቅመ ሔዋን ስደርስ አክስቴ «ሴት ልጅ እግሯን ከፍታ!» ብላ ከለከለችኝ። በዚያው ቆመ። ዳግመኛ ኮርቻ ላይ የወጣሁት ኑረምበርግ ውስጥ፣ አውቶቡስ ገና ባልጀመረበት የማለዳ ፈረቃ ነው። በዚያች የሥራ ብስክሌት ዝናብም በረዶም አሳልፌያለሁ። ለዚህ ነው በ60 ዓመት አካባቢ «አዲስ ነገር ጀመረች» ሲሉኝ የማይዋጥልኝ። አክስቴ ካቆመችኝ ቦታ ነው የቀጠልኩት።

ብቻዋን መሞከር ለምትፈልግ ሴት የምመክራት መንገድ በዳኑብ ወንዝ ዳር ያለው ነው፤ ከጀርመኗ ፓሳው እስከ ኦስትሪያዋ ቪየና። ዳኑብ ጀርመን ውስጥ «ጥቁር ደን» ከሚባለው አካባቢ ተነስቶ 10 አገር ነክቶ ጥቁር ባሕር የሚገባ፣ ወደ 2,850 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ወንዝ ነው። ከፓሳው እስከ ቪየና ያለው ከ300 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። መንገዱ ከወንዙ ጋር ስለሚወርድ ሳይታወቅሽ በትንሹ ቁልቁል ነው። ነፋሱም አብዛኛውን ጊዜ ከምዕራብ ስለሚነፍስ ከኋላሽ ይገፋሻል። መኪና ብዙ ቦታ የለም። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ መንደር አለ፣ በብዙ ቦታ የባቡር ሐዲድም አለ። ደከመኝ ካልሽ ለብስክሌትሽ ቲኬት ቆርጠሽ በባቡር መቀጠል ነው። እኔ በቀን ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር እሄዳለሁ። ጎረምሶች ይህን እስከ ምሳ ሰዓት ይጨርሱታል። እኔ ቀኑን ሙሉ እሄድበታለሁ፤ ቀኑም የኔ ነው።

ፓሳው ላይ ሦስት ወንዞች ይገናኛሉ። ኢልስ ጠቆር ያለ ነው፣ ኢን ከአልፕስ ተራራ አረንጓዴ ሆኖ ይመጣል፣ ዳኑብ መሃላቸው ነው። መቀላቀላቸውን ቆመሽ ታያለሽ። የማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የየዘመኑ ጎርፍ ምልክት አለ። በ2013 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ውሃው 12.89 ሜትር ደርሶ ነበር፤ ከ1501 ወዲህ እንዲያ ከፍ ብሎ አያውቅም። እዚያ ግድግዳ ሥር ቆሜ ቀና ስል የጣናን ዳር ሰዎች አሰብኩ። ውሃ ዳር የሚኖር ሰው ውሃን ይወዳል፣ ይፈራዋልም።

ከፓሳው በኋላ ወንዙ በጥቅጥቅ ደን መካከል ይገባል። ሽሎገን የሚባል ቦታ ላይ ዞሮ ወደ መጣበት ሊመለስ ይመስላል። ትንንሽ ጀልባዎች ሰውንም ብስክሌትንም ያሻግራሉ። ከሊንዝ አልፎ ማውትሃውዘን ይመጣል። የናዚዎች የእስር ጣቢያ የነበረው እዚያ ነው፤ ከወንዙ በላይ፣ ኮረብታው ላይ። ዳገቱን ብስክሌቴን እየገፋሁ ወጣሁት። ከ1938 ጀምሮ ነፃ እስከወጣበት እስከ 1945 ግንቦት ድረስ ወደ 190,000 ሰው በዚህ ጣቢያና በቅርንጫፎቹ ታስሯል፤ ቢያንስ 90,000ው ሞቷል። እስረኞቹ ከድንጋይ ካባው ድንጋይ ተሸክመው የሚወጡበት 186 ደረጃ አለ። ከላይ ሆኖ ማየቱ ብቻ ጉልበት ያብረከርካል። ግማሽ ቀን እዚያ ቆየሁ። በዚያ ቀን ተጨማሪ መንገድ አልሄድኩም፤ መሄድም ደስ አላለኝም። ከሰው ጋር ብሆን «አንድ ሰዓት ይበቃናል» እንባባል ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ በሰዓት መነዳት አልፈልግም።

ከዚያ በኋላ ሜልክ ነው፤ አለት ላይ የተቀመጠ ትልቅ ቢጫ ገዳም። መነኮሳቱ ከ1089 ጀምሮ እዚያ አሉ። ከሜልክ እስከ ክሬምስ ያለው ሸለቆ ዋኻው ይባላል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የተሠራ የወይን እርከን ከወንዙ እስከ ተራራው ይወጣል። ሐምሌ ላይ የዋኻው አፕሪኮት ይደርሳል። ገበሬዎች መንገድ ዳር በሳጥን ያስቀምጡታል፣ ገንዘቡን እዚያው ትተሽ ትወስጃለሽ። ሽፒትስ ላይ ወንዙን የሚያሻግረው ጀልባ ሞተር የለውም። በገመድ ተይዞ የወንዙ ጉልበት ራሱ ይወስደዋል። ድምፅ የለውም። ሁለቴ ተመላልሼበታለሁ፤ ደስ ስላለኝ ብቻ።

ከሽፒትስ አጠገብ ቪለንዶርፍ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በ1908 እዚያ 11 ሴንቲ ሜትር የምትሆን የድንጋይ ሴት ተቆፍራ ተገኘች። ወደ 30,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት። ዋናዋ ቪየና ሙዚየም ውስጥ ናት። ጡቷ ወርዷል፣ ሆዷ ሰፍቷል፣ ዳሌዋ ሞልቷል። ያን ሁሉ ዘመን በፊት አንድ ሰው ይህን ሰውነት ተመልክቶ በጥንቃቄ ቀርጾታል። ቀጫጭን ወጣቶች በቀለማት ያሸበረቀ ልብስ ለብሰው በአጠገቤ ሲያልፉ፣ እኔ ከሷ ጋር ነው የምመደበው። ደስ ይለኛል።

ስለ ሰውነት ከተነሳ በግልጽ ልጻፍ፤ በመካከላችን አይወራምና። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ቆዳችን ይሳሳል፣ ይደርቃል። ኮርቻ ላይ መዋል ያቆስላል። ብዙ ሴት ብስክሌት የምትተወው ለዚህ ነው፤ አፍራ ግን «ጉልበቴን አመመኝ» ትላለች። የብስክሌት ቁምጣ ስፖንጅ አለው። ከሥሩ ሌላ የውስጥ ልብስ አይለበስም፤ የሚያቆስለው ስፌቱ ነው። ሽታ የሌለው ቅባት ማለዳ ይቀባል። ኮርቻው ደግሞ በልክ መሆን አለበት። የኛ የመቀመጫ አጥንት ብዙ ጊዜ ከወንድ ሰፋ ይላል። እዚህ ደህና የብስክሌት ሱቅ ውስጥ ካርቶን ላይ ያስቀምጡሽና አጥንትሽ የተወውን ምልክት ይለካሉ። ለስላሳና ወፍራም ኮርቻ የሚመች ይመስላል። ለሩቅ መንገድ ግን ጠንከር ያለው ይሻላል፤ ለስላሳው ውስጥ ትሰምጪና ሥጋሽ ይታሻል።

ጉልበት የሚጎዳው ከባድ ማርሽ በግድ ሲገፋ ነው። ቀላል ማርሽ አድርጎ እግርን ቶሎ ቶሎ ማዞር ነው። ዳገቱ ካስቸገረ ወርዶ መግፋት ነውር የለውም፤ እንዲያውም ለአጥንት ጥሩ ነው። ብስክሌት ለልብና ለሳንባ እንጂ ለአጥንት ብዙ አይጠቅምም፤ ክብደታችንን የሚሸከመው ኮርቻው ነውና። አጥንት የሚጠነክረው ቆሞ ሸክም ሲችል ነው። ስለዚህ በብርዱ ወራት ደረጃ እወጣለሁ፣ ክብደት አነሳለሁ። ወለል ላይ ተኝቶ ያለ ድጋፍ መነሳትንም እለማመዳለሁ። ይህንን የተማርኩት ከሥራዬ ነው። የተሰበሩትን ዳሌዎች... አይ፣ እሱን ልተወው፤ ያየሁትን ሁሉ መጻፍ አልችልም። መውደቅ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በፍጥነት ስንሄድ ሳይሆን ብስክሌቱ ላይ ስንወጣና ስንወርድ ነው። ለዚህ ነው እግር ማንሳት የማይፈልግ፣ መሃሉ ዝቅ ያለ ብስክሌት የምነዳው።

ስለ ኤሌክትሪክ ብስክሌትም ይጠይቁኛል። በአውሮፓ ሕግ እስከ 25 ኪሎ ሜትር በሰዓት ድረስ ያግዝሻል፣ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ይተውሻል። «ማጭበርበር ነው» የሚሉትን አልሰማም። ልቧ ወይም ሳንባዋ የደከመ ሴት በሱ ከቤት ከወጣች እሰየው ነው። እኔ ያልገዛሁት በክብደቱ ነው። ብዙዎቹ ከ20 ኪሎ በላይ ናቸው። አሳንሰር በሌለው ጣቢያ ብቻሽን ሆነሽ እሱን ደረጃ ማውጣት ከባድ ነው። ብቻዋን የምትሄድ ሴት ዕቃዋን ሁሉ በዚህ መለካት አለባት፤ ማንም ሳይረዳኝ አነሳዋለሁ ወይ?

ስንቄ በሶ ነው። ሌሎቹ ፋብሪካ የሠራውን ጣፋጭ ይበላሉ። እኔ በሶዬን በማርና በውሃ በጥብጬ እጠጣለሁ፤ አይበላሽም፣ ቀላል ነው፣ ረቡዕና ዓርብም ይበላል። የጎን ሻንጣዬ ውስጥ ቆሎም አይጠፋም። አንድ ሽማግሌ ኦስትሪያዊ ወንበር ላይ አብሮኝ ተቀምጦ ቀምሶ «ይሄ ገብስ ነው!» ብሎ በጣም ተደሰተ። እናቱ ገብስ ቆልታ ቡና ታፈላ እንደነበር ነገረኝ፤ በጦርነቱ ጊዜ።

ውሃ የምቀዳው ከመቃብር ቦታ ነው። በጀርመንም በኦስትሪያም መካነ መቃብር ውስጥ ለአበባው ማጠጫ ቧንቧ አለ። «አይጠጣም» የሚል ጽሑፍ ከሌለበት እጠቀምበታለሁ። ታዲያ እዚያ ሁልጊዜ አሮጊቶች አሉ። የባላቸውን መቃብር ያጸዳሉ፣ አበባ ይቀይራሉ። ጥቁር ሴት ሄልሜት አድርጋ ብስክሌት ስታስገባ መጀመሪያ ያፈጣሉ። ከዚያ «ከየት?» ይመጣል። ከዚያ «ብቻሽን?»። ቀጥሎ ግን የነሱ ፊት ላይ የማየው ሐዘን አይደለም። አንዷ እጄን ይዛ «ባሌ ሲሞት እኔም አስቤ ነበር» አለችኝ። ስለ ባሎቻችን ብዙ አወራን። ከሰው ጋር ብሄድ ያቺ ሴት አታናግረኝም ነበር። ሁለት ሰው ሲያወራ ሦስተኛ ሰው አይገባም። ብቻዋን ያለች ትልቅ ሴት ግን ማንንም አታስፈራም፤ ሁሉም ይጠጋታል።

ሁሉም ቦታ እንዲህ ነው አልልም። ክፉ ቃል የወረወረብኝ አለ። ገብቼ ስቀመጥ ዝም ያለ ምግብ ቤት አለ። ፓስፖርቴን ከእጄ አልለይም፤ ከኦስትሪያ ወደ ጀርመን ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ፖሊስ ይጠይቃል፣ እኔን ደግሞ አያልፉኝም። ይህ ያበሳጨኛል፣ አይለመደኝም። ግን ቤቴ ብቀመጥም ያው ነው፤ ከተማ ውስጥ ባቡር ላይም ይደርስብኛል። ስለዚህ ጉዞዬን ለሱ ብዬ አልተውም።

ልጄ መጀመሪያ ላይ በጣም ፈርታ ነበር። «እማዬ፣ አንድ ነገር ብትሆኚ ማን ያውቃል?» አለችኝ። ስልኬ ያለሁበትን ቦታ እንዲያሳያት አደረግን። ማታ ማታ ስደርስ እደውላለሁ። ከመጨለሙ በፊት ሁልጊዜ ገብቻለሁ። የማድረው የብስክሌት ምልክት ባላቸው ማረፊያዎች ነው። ለአንድ ሌሊት ብቻ የመጣን እንግዳ አይመልሱም፣ ለብስክሌቱ የሚቆለፍ ቦታ አላቸው፣ እርጥብ ልብስ የሚደርቅበትም አለ። ድንኳን አልወድም። መሬት ላይ የሚተኙትን አከብራለሁ፤ እኔ ግን አልጋ እፈልጋለሁ።

ካላማዳሪ መለጠፍ እችላለሁ። ባሕር ዳር ጎሚስታው በር ላይ ተቀምጬ ነው ያየሁት፤ ሳፋ ውስጥ ውሃ አድርጎ፣ ጎማውን እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል። አሁን ወንዝ ዳር ያንኑ አደርጋለሁ። እንግሊዛዊቷ አን ሙስቶ ግን ይህንንም ሳታውቅ ነው የተነሳችው። የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ነበረች። ሕንድ ውስጥ በአውቶቡስ ስትሄድ አንድ ሰው በረሃውን ብቻውን በብስክሌት ሲያቋርጥ በመስኮት አየችና ቀናች። ሥራዋን ለቀቀች። በ1987፣ በ54 ዓመቷ፣ ከለንደን ተነስታ ዓለምን ዞረች። ከዚያ በኋላም አላቆመችም። በ2009 በ76 ዓመቷ ያረፈችው ሶርያ ውስጥ፣ ሐለብ ከተማ፣ ጉዞ ላይ እያለች ታማ ነው።

እኔን ይበልጥ የምትነካኝ ግን አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ ናት። በ14 ዓመቷ ትምህርት አቋርጣ የታመመች እናቷን ማስታመም ጀመረች፤ ወጣትነቷ በዚያ አለቀ። እናቷ በ1962 አረፈች። በ1963 ጥር፣ በዚያ በከባድ ብርድ፣ ደርቭላ ብስክሌቷን ይዛ ወደ ሕንድ ተነሳች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኛም አገር መጥታ የሰሜኑን ተራሮች በቅሎ እየጎተተች በእግሯ ተጉዛለች። ስለ ድፍረቷ ብዙ ይባላል። እኔ የማስበው ስለ አስታማሚነቷ ነው። ሰው አስታሞ የጨረሰ ሰው እጁ ባዶ ይሆናል፣ ማለዳ ምን እንደሚያደርግ አያውቅም። እኔም ባለቤቴ ካረፈ በኋላ በሌሊት ለመድኃኒቱ ሰዓት እነቃ ነበር። ብዙ ወራት። ያን እንቅልፍ የመለሰልኝ ቀኑን ሙሉ ፔዳል መምታት ነው።

ምሽቱ ግን ከባድ ነው። ቀን ላይ ብቸኝነት አይሰማኝም። ማታ ምግብ ቤት ገብቼ «ለአንድ ሰው» ስል ነው የሚሰማኝ። ከአንድ ትሪ መብላት ለለመደ ሰው ብቻውን ሳህን ላይ ማፍጠጥ ይከብደዋል። አንዳንዴ እራቴን ገዝቼ ወንዝ ዳር እበላለሁ። አንዳንዴ እህቴ ጋ እደውልና እየበላሁ አወራታለሁ። እሷም አሁን አሁን «ሰው አጣሽ?» ማለቱን ትታ «ዛሬስ የት ደረስሽ?» ትለኛለች።

ዘንድሮ ያሰብኩት ከቪየና እስከ ቡዳፔስት ነው። የቡና ማኅበራችን አንዷ፣ ያቺ ስለ ልጆቼ የጠየቀችኝ፣ ብስክሌት ገዝታ «እኔም ልምጣ» አለችኝ። እሺ አልኳት። የተስማማነው ግን እንዲህ ነው። ማረፊያ አብረን እንይዛለን፣ እራት አብረን እንበላለን። ማለዳ የየራሳችን ነው። እሷ ጎህ ሳይቀድ መነሳት ትወዳለች፤ እኔ ቁርሴን ተረጋግቼ ነው የምበላው። እሷ ቁልቁለት ላይ ትፈጥናለች፤ እኔ በየመንደሩ እቆማለሁ። ቀድማ የደረሰችው አልጋ ትይዛለች፣ ሻይ ታዝዛለች፣ እግሯን ዘርግታ ታርፋለች። ኋላ የመጣችውም የፈለገችውን ያህል ታርፋለች። መንገዳችን ላይ ባለችው ብራቲስላቫ ከተማ የምናድርበትን ክፍል ትናንት ያዝን።